ጡንቻን እየነዘሩ ጡንቻን ማዳመጥ

ስትሮክ የመታው ሰው አለ እንበል። ወራት አልፈዋል። እግሩ መለስ ብሎለታል፤ የቀኝ እጁ አንጓ ግን አልነሳ ብሏል። «ቀና አድርገው» ሲሉት ይታገላል፣ ያልበዋል፣ እጁ ንቅንቅ አይልም። ክንዱ ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፎ ላዳመጠ ግን ጡንቻው ጨርሶ ዝም አላለም። ከአንጎል የተላከው ትእዛዝ ተዳክሞም ቢሆን ደርሷል። ይህን የሚያሳየው የጡንቻን ኤሌክትሪክ የሚቀርጸው ምርመራ ነው፤ ኤሌክትሮማዮግራፊ፣ ባጭሩ ኢኤምጂ ይሉታል።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ሐሳብ ይመጣል። መሣሪያ ያችን ደካማ ምልክት ያንብብ። ሰውየው መሞከሩን ሲያውቅ በቆዳው በኩል ኤሌክትሪክ ልኮ ጡንቻውን ያኮማትርለት። ሲሞክር እጁ ይነሳል፤ ሲተው ይወርዳል። ጀማሪው ሰውየው ነው፣ የጎደለውን ማሽኑ ይሞላል።

ሐሳቡ የሚሰናከለው ማሽኑ ሥራ በጀመረባት ቅጽበት ነው። ለማዳመጥ የተለጠፈው ኤሌክትሮድ የማሽኑን የራሱን ምት መስማት ይጀምራል። ምቱ ከጡንቻው ምልክት እጅግ ስለሚበልጥ ስክሪኑ ላይ ሌላ ነገር አይታይም። ሰውየው አሁንም እየሞከረ ነው? ወይስ ትቶታል? አይታወቅም። ቀረጻው ላይ የሚያርፈው ይህ የማሽኑ አሻራ የማነቃቂያ አርቲፋክት ይባላል። እሱን ማውጣት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል የኮምፒውተር ሥራ ይመስላል። አይደለም። አብዛኛው ፍልሚያ የሚያልቀው ኮምፒውተሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። የቀረው ደግሞ «ምንድን ነው ማየት የምፈልገው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ይወድቃል።

መጀመሪያ መጠኑን እንይ። ጡንቻ ሲኮማተር ቆዳ ላይ የሚለካው ቮልቴጅ ከጥቂት አሥር ማይክሮቮልት እስከ ጥቂት ሚሊቮልት ነው። አንድ ማይክሮቮልት የቮልት አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ስትሮክ ባደከመው እጅ ላይ የምናገኘው ደግሞ ወደ ታችኛው ጫፍ የቀረበውን ነው። ማነቃቂያው በበኩሉ በሰከንድ ከ20 እስከ 50 ምት ይልካል። እያንዳንዱ ምት ከ200 እስከ 400 ማይክሮሰከንድ ይቆያል፣ ጉልበቱም ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 100 ሚሊአምፔር ነው። ያን ያህል ጅረት በቆዳ ለማሳለፍ አሥርት ቮልቶች፣ አንዳንዴም ከ100 ቮልት በላይ ያስፈልጋል። ሰውነት ጨዋማ ውኃ የሞላው ነገር ስለሆነ ጅረቱ በሁለቱ ማነቃቂያ ኤሌክትሮዶች መካከል ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ይሰራጫል። ማዳመጫው ጋ የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ቢሆንም ከጡንቻው ምልክት መቶ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሺህ ጊዜ ሊበልጥ ይችላል።

ይህን ጣጣ በዘዴ የዘለለው ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 ቭላዲሚር ሊበርሰን እና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ስትሮክ ያጠቃቸው ሰዎች ሲራመዱ የእግራቸው ጣት መሬት እንዳይጎትት የሚያደርግ ማነቃቂያ ይፋ አደረጉ። ጫማ ውስጥ ተረከዝ ሥር ማብሪያ ማጥፊያ አስገቡ። ተረከዝ ከመሬት ሲነሳ ኤሌክትሪኩ ይለቀቃል፣ ሲያርፍ ይቆማል። ጡንቻውን ማዳመጥ አላስፈለጋቸውም። ለእርምጃ ይበቃል፣ ምክንያቱም እርምጃ ራሱን የሚደጋግም ነገር ነው። ብርጭቆ ሊያነሳ የሚሞክር እጅ ግን ተረከዝ የለውም። የሰውየውን ፍላጎት ከራሱ ከጡንቻው መስማት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፊልተር ለምን አይበቃም?

ማንም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የመብራት ኃይል ጫጫታ እኮ በፊልተር፣ ማለትም የተወሰነ ድግግሞሽ ቆርጦ በሚጥል ማጣሪያ፣ ይወጣል። ትክክል፤ እሱ ግን አንድ ቦታ ላይ ተወስኖ የሚቀመጥ ጫጫታ ነው። ኢትዮጵያ፣ አውሮፓ እና እስራኤል 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት) ላይ፣ አሜሪካና ሳዑዲ ደግሞ 60 ኸርዝ ላይ ይገኛል። ያችን ቦታ ቆርጦ ማውጣት ብዙ አይጎዳም።

የማነቃቂያው ምት ግን እጅግ አጭርና ሹል ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ድግግሞሽ ተወስኖ አይቀመጥም። በሰከንድ 30 ጊዜ የሚመታ ማሽን 30 ላይ፣ 60 ላይ፣ 90 ላይ፣ 120 ላይ እያለ እስከ ብዙ ሺህ ኸርዝ ድረስ አሻራ ይጥላል። የጡንቻው ምልክት ደግሞ ከሞላ ጎደል ከ20 እስከ 500 ኸርዝ መካከል ነው የሚኖረው። ሁለቱ አንድ ሰፈር ናቸው ማለት ነው። አንዱን በሰፊ ፊልተር ስታስወጣ ሌላውንም ይዘህ ትወጣለህ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ፊልተር ሹሉን ነገር ማደብዘዙ ነው። ከ20 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ተራ ፊልተር ውሰዱ። አንድ ትልቅ ምት ሲገባበት ወዲያው አይረሳውም፤ ወደ ሲሶው ገደማ ለመውረድ ብቻ 8 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች የነበረው ምት ረጅም ጅራት ያወጣል፣ ጅራቱም ጡንቻው ምላሽ የሚሰጥበት ሰዓት ላይ ይወድቃል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ፊልተሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሁለት ጊዜ ያስኬደዋል፤ የተለመደ አሠራር ነው። ያኔ ጅራቱ ከምቱ በፊትም ይታያል። ማሽኑ ገና ሳይመታ ጡንቻው የመለሰ የሚመስል ሥዕል ይወጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ አርቲፋክቱን አውጣ፣ ከዚያ ፊልተር አድርግ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ የመቅረጫ መሣሪያዎች ውስጣቸው ባለ ፊልተር አስቀድመው ያበላሹትን ነው የሚሰጡን።

የታወረ አምፕሊፋየር

የጡንቻ ምልክት ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ማጉላት ያስፈልጋል፤ ይህን የሚሠራው ማጉያ አምፕሊፋየር ይባላል። በድሮው አሠራር አንድ ሺህ እጥፍ ይጎላል። መሣሪያው የሚችለው ጣሪያ 5 ቮልት ከሆነ ደግሞ ከ5 ሚሊቮልት በላይ የሆነ ማንኛውም ግቤት ጣሪያውን ይመታል። አርቲፋክቱ በቀላሉ ያልፈዋል። ጣሪያ የመታ አምፕሊፋየር በሌሊት ረጅም መብራት ዓይኑ ላይ የበራበትን ሹፌር ይመስላል። መኪናው ካለፈም በኋላ ለትንሽ ጊዜ መንገዱ አይታየውም። አምፕሊፋየሩም ምቱ ካለቀ በኋላ ለብዙ ሚሊሰከንዶች ሊደናበር ይችላል።

በዚያ ጊዜ ውስጥ ጡንቻው ያለው ነገር አልተቀረጸም። ተሸፍኖ ያለ ሳይሆን ጭራሹኑ የሌለ ነገር ነው። የፈለገው ዓይነት ሂሳብ፣ የፈለገው ዓይነት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይምጣ፣ ያልተቀረጸን ነገር አይመልስም። መልሶ አመጣሁ ካለ ገምቶ ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ሃርድዌሩ ላይ ነው። አንዱ መንገድ ምቱ ሲመጣ መግቢያውን ለአፍታ የሚዘጋ ስዊች መግጠም ነው። ሌላው፣ ዛሬ ይበልጥ የሚሠራበት፣ ትንሽ ብቻ አጉልቶ በጣም ረቂቅ በሆነ መለኪያ መቅረጽ ነው። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይገርማል። አርቲፋክቱን ለማስተናገድ ከዜሮ በታች 500 ሚሊቮልት እስከ ዜሮ በላይ 500 ሚሊቮልት ያለውን ክልል እንክፈት። ባለ 12 ቢት መለኪያ ይህን ክልል 4,096 ቦታ ይከፍለዋል፤ አንዱ ደረጃ 0.24 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል። ደካማው የጡንቻ ምልክት በአንድ ደረጃ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ባለ 24 ቢቱ ግን ከ16 ሚሊዮን በላይ ቦታ ስለሚከፍለው አንዱ ደረጃ 0.06 ማይክሮቮልት ነው። የመሣሪያው የራሱ ጫጫታ ከዚህ ስለሚበልጥ በተግባር ያን ያህል ጥራት አይገኝም። ቢሆንም ትልቁና ትንሹ አንድ ቀረጻ ውስጥ ሳይጎዱ ይገባሉ። የቀረው የሂሳብ ሥራ ይሆናል።

እጅ የሚሠራው ሥራ

ብዙ ጽሑፍ ይህን ክፍል ሮጥ ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ከፕሮግራሙ ይልቅ እዚህ ላይ መቆየት እመርጣለሁ፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

የኢኤምጂ መቅረጫ በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ያለውን ልዩነት ነው የሚለካው። ሁለቱም ጋ እኩል የደረሰ ነገር ይጠፋል። የማነቃቂያው ጅረት በቆዳ ሥር ሲሰራጭ ቮልቴጁ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ እኩል የሆነባቸው መስመሮችም አሉ። ሁለቱን ማዳመጫዎች በአንዱ እኩል መስመር ላይ ማሳረፍ ከተቻለ አርቲፋክቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ልምድ ያለው ሰው ኤሌክትሮዶቹን ትንሽ ዞር፣ ትንሽ ገፋ እያደረገ ስክሪኑን የሚያየው ለዚህ ነው። ችግሩ ለአርቲፋክቱ የሚመቸው አቅጣጫ ሁልጊዜ ለጡንቻው አለመመቸቱ ነው። ጡንቻውን በደንብ ለመስማት ኤሌክትሮዶቹ በጡንቻው ክሮች አቅጣጫ መደርደር አለባቸው። መሐል ላይ መስማማት ያስፈልጋል።

ቆዳውስ? አንዱ ኤሌክትሮድ የጸዳ ቆዳ ላይ፣ ሌላው ቅባት ያለበት ላይ ካረፈ ሁለቱ እኩል አይሰሙም። ያኔ መጥፋት የነበረበት ነገር ሳይጠፋ ይቀራል። ቆዳውን በአልኮል ጠረግ ማድረግ፣ ፀጉር ካለ መላጨት፣ ጄሉ የደረቀ ኤሌክትሮድ መልሶ አለመለጠፍ፤ በቃ ይኸው ነው። ግራውንድ የሚባለውን ሦስተኛ ኤሌክትሮድ በማነቃቂያውና በማዳመጫው መካከል ማድረግም የቆየ ልማድ ነው። የሁለቱን ገመዶች ማራራቅም እንዲሁ።

ማነቃቂያው ራሱ ከመቅረጫውና ከግድግዳ ሶኬቱ በኤሌክትሪክ የተነጠለ መሆን አለበት። አርቲፋክትን ይቀንሳል፣ ከዚያም በላይ ነፍስ ያድናል። ሰው ላይ የሚለጠፍ ነገር ከሶኬት ጋር ያለ መነጠያ አይገናኝም፤ እቤት ውስጥ ሠርቼ ልሞክር ለሚል ሰው መልሱ አይሆንም ነው።

ምቱ ካለቀ በኋላም ቆዳና ኤሌክትሮድ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቻርጅ ይቀራል፤ ቀስ እያለ ይፈስሳል። የአርቲፋክቱ ረጅም ጅራት አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ለዚህ ብለው ምቱን ባለ ሁለት ገጽ ያደርጉታል፦ መጀመሪያ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወዲያው ወደ ተቃራኒው። የተከማቸው ቻርጅ አብዛኛው ይመለሳል። ለቆዳውም የተሻለ ነው።

ከምቱ በኋላ የሚታየው ሁሉ አርቲፋክት ነው?

ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ነው። ከምቱ በኋላ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። መጀመሪያ አርቲፋክቱ አለ፤ ከምቱ ጋር በአንድ ቅጽበት ይታያል፣ ጡንቻ አይደለም። ከጥቂት ሚሊሰከንድ በኋላ ኤም ሞገድ የሚባለው ይመጣል። ይህ ኤሌክትሪኩ የቀሰቀሰው ነርቭ ጡንቻውን ሲያኮማትር የሚፈጠር እውነተኛ የጡንቻ ምልክት ነው፤ ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። ከዚያም አንዳንዴ አከርካሪ ውስጥ ወዳለው የነርቭ ገመድ ደርሶ የተመለሰ ሪፍሌክስ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የሚመጣ ምላሽ፣ ይታያል። ጀርመናዊው ፓውል ሆፍማን በ1910ዎቹ የገለጸው ይህ ምላሽ የባት ጡንቻ ላይ 30 ሚሊሰከንድ ገደማ ቆይቶ ይደርሳል። ከእነዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ሰውየው በፈቃዱ የላከው ደካማ ምልክት ተንጠባጥቦ ይገኛል።

የትኛው ነው ቆሻሻው? እንደጠያቂው ነው። የጡንቻ ድካም የሚያጠና ሰው ኤም ሞገዱን ይፈልገዋል፤ መጠኑ ሲቀንስ፣ ቅርጹ ሲለጠጥ ስለ ድካም ይነግረዋል። የአከርካሪ ሐኪም ሪፍሌክሱን ይፈልጋል። በመግቢያዬ ላለው ሰው መሣሪያ የሚሠራ ኢንጂነር ግን ፈቃዱን ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ለእሱ ኤም ሞገዱ ከአርቲፋክቱ ጋር አብሮ መውጣት አለበት። «የአርቲፋክት ማስወገጃ» ብሎ በደፈናው የሚመጣ ፕሮግራም የትኛውን እንደሚጥል ካልተናገረ ባይጠቀሙበት ይሻላል።

ጥያቄው እየሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ስዊዘርላንድ ሎዛን ያሉ ተመራማሪዎች የአከርካሪ ጉዳት የደረሰባቸው ሦስት ሰዎች አከርካሪያቸው ላይ በተተከለ ማነቃቂያ ታግዘው መራመድ መቻላቸውን ይፋ አደረጉ። እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ ማሽኑ ስንቱን ሠራ፣ ሰውየው ስንቱን ሠራ የሚለው ዋና ጉዳይ ነው፤ የጡንቻ ቀረጻው በደንብ ካልጸዳ አይመለስም።

ሂሳቡ

ቀላሉ ዘዴ መሸፈን ነው። ከምቱ በኋላ ያለውን የተወሰነ ጊዜ ቆርጦ መጣል፣ በቀረው መሥራት። ምቱ በሰከንድ 20 ከሆነ በሁለት ምት መካከል 50 ሚሊሰከንድ አለ። አርቲፋክቱንና ኤም ሞገዱን ብለን 20 ብንጥል 30 ይቀራል፤ ፈቃዱን ለመገመት ይበቃል። ምቱ ወደ 40 ከፍ ካለ ግን ያለን 25 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። 20ውን ስንጥል 5 ቀረ። በ5 ሚሊሰከንድ ምንም አይሠራም።

ሁለተኛው መቀነስ ነው። አርቲፋክቱ ሁሌ አንድ ዓይነት ቅርጽ ካለው የብዙ ምቶችን አማካይ እንውሰድ። የፈቃዱ ምልክት ከምቱ ጋር ስለማይገናኝ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እያለ በአማካዩ ውስጥ ይሟሽሻል፤ 25 ምት ብንደምር ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። የሚቀረው የአርቲፋክቱ ቅርጽ ነው። እሱን ከእያንዳንዱ ምት ላይ እንቀንሳለን። ኤም ሞገዱም ከምቱ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ አብሮ ይሄዳል። ለእጁ ሰውዬ ጥሩ ነው፤ ድካም ለሚያጠናው ኪሳራ ነው።

ይህ ዘዴ አንድ ድብቅ ጠላት አለው፤ የሰዓት አለመገጣጠም። በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚለካ መቅረጫ በየአንድ ሚሊሰከንዱ አንዴ ነው የሚያየው። ምቱ 0.3 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። መቅረጫውና ማነቃቂያው በየራሳቸው ሰዓት ከሄዱ መለኪያው አንዴ የምቱን ጫፍ፣ አንዴ ጎኑን ይይዛል። አማካዩ ከማንኛቸውም ጋር አይገጥምም፣ ሲቀነስ ትርፉ ይቀራል። መድኃኒቱ ሁለቱን በአንድ ሰዓት ማስኬድ ነው፤ ካልሆነ በሰከንድ 10,000 ጊዜ መለካት። ለጡንቻው 2,000 ይበቃ ነበር። ፍጥነቱ የሚያስፈልገው ለጠላት ነው።

ምላሹን ለማየት ብሎ አማካይ ለሚወስድ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አዲስ አበባ ተቀምጦ በሰከንድ 25 ምት የሚልክ ሰው በሁለት ምት መካከል የመብራት ኃይሉ ሞገድ ልክ ሁለት ጊዜ ይዞርበታል። ሁሌም ተመሳሳይ ቦታ ላይ ስለሚውል ምንም ያህል ቢደምር አይሟሽሽም። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ላለው ሰው 30 ነው ችግሩ። ልምድ ያላቸው ላቦራቶሪዎች ሆን ብለው ያልተገጣጠመ ቁጥር የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ቀዳሚውን ምት ከአሁኑ ላይ መቀነስ ነው። አማካይ አያስፈልግም፤ ለውጥ በዝግታ ቢመጣም ይከተላል። ዋጋው፣ የፈቃዱ ምልክት ከሁለት ምቶች ስለሚደመር መጠኑ 1.4 ጊዜ ያህል ያድጋል፤ ያን ማካፈል አይከብድም። ሰውየው ወይም ማሽኑ ጉልበቱን በድንገት ሲለውጥ ግን ሁለቱ ምቶች አይመሳሰሉም፣ ቅሪቱ እንደ ፈቃድ ይነበባል። የተሻለው ዝርያ ያለፉትን በርካታ ምቶች አመዛዝኖ የአሁኑን ይተነብይና ከትንበያው የተረፈውን ብቻ ይወስዳል። እውነተኛ መሣሪያ ውስጥ ለሚገባ ሥራ እኔ ከዚህ እጀምራለሁ።

ጅራቱ ብቻ ለሚያስቸግር ደግሞ ጅራቱን በለስላሳ መስመር ገጥሞ መቀነስ ይቻላል። ቫገናር እና ፖተር እ.ኤ.አ. በ2002 ሳህን ላይ ለሚያድጉ የነርቭ ሴሎች ያቀረቡት ዘዴ እንዲህ ያለ ነው፤ በአጭር በአጭሩ ኩርባ እየገጠመ ዝግ ያለውን ነገር ይጥላል፣ ፈጣኑን ያስቀራል።

በሰለጠነ ኮምፒውተር የማጽዳት ሥራም እየበዛ ነው። አልቃወምም። ነገር ግን ጡንቻ ምን እንደሚመስል የተማረ ፕሮግራም ጡንቻ በሌለበትም ጡንቻ የመሰለ ነገር ሊስል ይችላል። ያማረ ሥዕል ማስረጃ አይሆንም። በሌላ በኩል ሁሉንም ነገር ዜሮ የሚያደርግ ፕሮግራምም «አርቲፋክቱን ስንት ቀነስክ?» በሚል ፈተና አንደኛ ይወጣል።

ታዲያ እንዴት ይፈተናል? ሰውየው ጡንቻውን ዘና አድርጎ ማሽኑ ይምታ፤ ከጸዳ በኋላ የሚቀረው ማሽኑ ሳይበራ ከነበረው የዕረፍት ጫጫታ ጋር መምሰል አለበት። ቀጥሎ ጡንቻው በማይነቃበት ዝቅተኛ ጉልበት ይመታ፤ እዚያ ኤም ሞገድ የለም፣ ንጹሕ አርቲፋክት ይገኛል። ያንን አርቲፋክት ለብቻው በተቀረጸ የፈቃድ ምልክት ላይ ደምረን ፕሮግራሙን እንስጠው፤ መልሱን አስቀድመን ስለምናውቅ ስንቱን እንዳጠፋ፣ ስንቱን እንደፈጠረ በቁጥር ይታያል። የመጨረሻው ፈተና ሰውየው ከአቅሙ 10፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ 30 በመቶ እንዲሞክር ጠይቆ ማሽኑ እየመታ የጸዳውን ምልክት መለካት ነው። ንባቡ ደረጃ በደረጃ ከፍ ካለ መሣሪያው እጁን ሊመራ ይችላል። 10ሩንና 30ውን አንድ አድርጎ ካነበበ ፕሮግራሙን ከመቀየር በፊት ኤሌክትሮዶቹን አንስቶ፣ ቆዳውን ጠርጎ፣ ቦታ ቀይሮ መልሶ መለጠፍ ይቀላል።